ሚትሮፋን ኔዴሊን፦ የሶቪየት ስትራቴጂክ ሮኬት ኃይሎች ምሥረታና የዝግጁነት ዋጋ

መግቢያ

የሶቪየት ኅብረት የምድር ኒውክሌር ሚሳኤል ኃይል ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ሮኬቶቹን የነደፉት ኮሮሌቭና ያንጌል ናቸው። ሮኬት ሠራዊት የሚሆነው ግን አዛዥ፣ የዕዝ ሰንሰለት፣ የሠለጠነ ምድብተኛና የአሠራር ደንብ ሲኖረው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚያ ሠራዊት የመጀመሪያ አዛዥ የነበረውን የሚትሮፋን ኢቫኖቪች ኔዴሊንን ሕይወት ይቃኛል። ፈጥኖ ለመተኮስ የመዘጋጀት ግፊት ኃይሉን እንዴት እንደ ቀረጸና መሥራቹን እንዴት ለሞት እንዳበቃው ለማሳየትም ይሞክራል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመድፍ ወደ ሮኬት

ኔዴሊን ኖቬምበር 9 ቀን 1902 ቦሪሶግሌብስክ በተባለች የሩሲያ ከተማ ተወለደ። በ1920 ቀይ ጦርን ተቀላቅሎ በመድፈኛነት አደገ። ከ1937 ጀምሮ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከሪፐብሊኩ ጎን ተሰልፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የ3ኛው የዩክሬን ግንባር መድፈኛ አዛዥ ሆኖ ተዋጋ፤ በሀንጋሪ፣ በባላተን ሐይቅ አካባቢ በተካሄደው ውጊያ ላሳየው አመራርም በ1945 የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተባለ።

ሮኬት በመድፈኞች እጅ የገባው ከጦርነቱ ማግሥት ነው። የመጀመሪያው የሮኬት ብርጌድ በ1946 ጀርመን ውስጥ ሲቋቋም፣ መሣሪያው እንደ ረጅም ርቀት መድፍ ታይቶ ለመድፈኛ ጦር ተሰጠ። ኔዴሊን ከ1948 እስከ 1950 ዋናውን የመድፈኛ መምሪያ መርቷል፤ በ1955 ደግሞ የልዩ መሣሪያዎችና የሮኬት ቴክኒክ ጉዳይ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አር-5ኤም ሚሳኤል እውነተኛ የኒውክሌር አረር ተሸክሞ ተሞከረ። ኔዴሊን በ1959 የመድፈኛ ዋና ማርሻል ማዕረግ አገኘ።

አደረጃጀትና ትጥቅ

ዲሴምበር 17 ቀን 1959 ስትራቴጂክ ሮኬት ኃይሎች ራሱን የቻለ የጦር ክፍል ሆኖ ሲቋቋም ኔዴሊን ዋና አዛዥ ተደረገ። በ1960 በስሞሌንስክና በቪኒትሳ የነበሩት የረጅም ርቀት አየር ኃይል ዕዞች የሮኬት ሠራዊት ዕዞች እንዲሆኑ ተደረገ። ስለዚህ አዲሱ ኃይል የመድፈኛን ሥርዓትና የቦምብ ጣይ አየር ኃይልን መኮንኖች በአንድነት ወረሰ።

ዋናው ችግር ትጥቁ ላይ ነበር። አህጉር አቋራጩ አር-7 ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ይወነጨፋል። ሆኖም ፈሳሽ ኦክስጅኑ ስለሚተን ነዳጅ ተሞልቶ ሊቆይ አይችልም፤ ለተኩስ ማዘጋጀቱም ብዙ ሰዓታት ይፈጃል። ማስወንጨፊያው ግዙፍና ግልጽ ስለነበረ የተሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያንጌል የነደፈው አር-16 መፍትሔ መስሎ ታየ፦ ፈሳሾቹ በተለመደ ሙቀት ይቀመጣሉ፣ ሲገናኙም ያለ ማቀጣጠያ ይነዳሉ። ለፍጥነት የተመረጠው ይኸው ጠባይ ግን መርዛማነትንና ከፍተኛ አደጋን አስከተለ።

ኦክቶበር 24 ቀን 1960

የአር-16 የመጀመሪያ ሙከራ ካዛኽስታን በሚገኘው ቲዩራታም፣ በኋላ ባይኮኑር በተባለው ጣቢያ፣ ከጥቅምት አብዮት በዓል በፊት እንዲፈጸም ጥድፊያ ነበር። ሮኬቱ ተሞልቶ ሳለ ብልሽት ታየ። ደንቡ ነዳጁ ተቀድቶ እንዲወጣ ቢያስገድድም፣ ይህ ሙከራውን ስለሚያዘገይ ጥገናው በተሞላው ሮኬት ላይ እንዲቀጥል ተወሰነ። ኔዴሊን ወንበር አስመጥቶ ከሮኬቱ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ተቀመጠ። ዋና አዛዡ በዚያ ተቀምጦ ሳለ ወደ ምሽጉ እንሂድ ማለት ለበታቾቹ የሚቀል አልነበረም።

ሊተኮስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ የትእዛዞችን ቅደም ተከተል የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ወደ መነሻው ሲመለስ የሁለተኛው እርከን ሞተር ተነሣ፤ እሳቱም ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያውን እርከን ታንክ በሳው። ኔዴሊንና በርካታ መኮንኖች፣ ወታደሮችና መሐንዲሶች ተቃጥለው ሞቱ። የሟቾቹ ቁጥር እንደየምንጩ ከ74 እስከ ከመቶ በላይ ይለያያል። ያንጌል ሲጋራ ለማጨስ ወደ ምሽጉ ሄዶ ስለነበር ተረፈ።

ለሕዝብ የተነገረው ኔዴሊን በአውሮፕላን አደጋ እንደ ሞተ ነው። እርሱ በክሬምሊን ግንብ በክብር ሲያርፍ፣ ከእርሱ ጋር የሞቱት ስማቸው እንኳ አልተነሣም። በብሬዥኔቭ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ማንንም አልቀጣም። የአደጋው ዝርዝር በአገሪቱ ጋዜጠኝነት በይፋ የታተመው በ1989 ነው።

ማጠቃለያ

አር-16 በ1961 መጀመሪያ ተወነጨፈ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያም በውጊያ ተጠንቀቅ ላይ ዋለ። ኔዴሊን የሻተው ፈጣን ኃይል ከእርሱ በኋላ እውን ሆነ ማለት ነው። የሕይወቱ ታሪክ ለተቋማት ጥናት የሚተወው ጥያቄ ግን ከመሣሪያው ይሰፋል። ደንብን የማስከበር ሥልጣን ያለው ሰው ራሱ ደንቡን ሲሽር የሚያስቆመው አካል አልነበረም፤ የግል ድፍረቱም የበታቾቹን የማምለጫ መንገድ ዘጋ። ዝግጁነት በሰዓት ብቻ ሲለካ፣ ለመዘግየት የሚፈቅድ ሥልጣን የማን መሆን እንዳለበት አደረጃጀቱ ራሱ አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል። ኦክቶበር 24 በባይኮኑር ሮኬት የማይተኮስበት ቀን ሆኖ መቅረቱ ያንን ዘግይቶ የመጣ መልስ ያስታውሳል።