ኦገስት ቪልሄልም ሆፍማንና የአሚኖች ደረጃ

ኦገስት ቪልሄልም ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1818 በጀርመን ጊሰን ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በሕግ ቢጀምርም ወደ ሊቢግ ቤተ ሙከራ ተሻገረ። በ1845 በለንደን የተቋቋመው ሮያል የኬሚስትሪ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። ቩርትስ በ1849 ቀዳሚ አሚኖችን ካገኘ በኋላ፣ ሆፍማን የአሞንያን ሦስት ሃይድሮጅኖች ተራ በተራ በኤቲል በመተካት አሚኖችን ቀዳሚ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ብሎ ለየ። ዝናው ይበልጥ ከቀለም ኬሚስትሪ ጋር ቢያያዝም፣ ለዛሬው ተመራማሪ የሚበልጠው ይህ ምደባ ነው።

በቀዳዳማ ሲሊካ ግድግዳ ላይ የሚተከል አሚን ሲመረጥ የሚጠየቀው ደረጃው ነው። ቀዳሚውና ሁለተኛው በናይትሮጅናቸው ላይ ሃይድሮጅን ስለቀረላቸው በደረቅ ጋዝ ውስጥም ካርባሜት ይሠራሉ፤ ለአንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ግን ሁለት አሚን ይፈጃል። ሦስተኛው ያለ ውሃ አይሠራም።

ሆፍማን በ1892 በበርሊን ሲሞት አሚን ለዚህ ተግባር አልዋለም ነበር፤ ሮበርት ቦተምስ የጋዝ ማጥሪያ ፓተንቱን ያገኘው በ1930 ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደሴ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ልዩነቱ ያነሰ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊል ግፊትም አብሮ ስለሚቀንስ፣ በደሴ አየር ላይ አጥብቆ የሚይዝ ቀዳሚ አሚን ይመረጣል፤ አጥብቆ የያዘውን ለማስለቀቅ ግን የበለጠ ሙቀት ያስፈልጋል።