ቪልሄልም ሮንትገን፦ ጨረሩን ያገኘ፣ ያልሸጠውም ሰው

በሐኪም ቤት «ራጅ» ያልተነሣ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጨረሩን ለዓለም የገለጠው ሰው ማን እንደ ነበረ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ስለዚህ ሕይወቱን ባጭሩ እንመለከታለን፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን በ1845 በጀርመን አገር በሌኔፕ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በሆላንድ ነው። እንደሚነገረው፣ በመምህር ላይ የሚያሾፍ ሥዕል የሣለውን ጓደኛውን አላጋልጥም በማለቱ ከትምህርት ቤት ተባረረ። በኋላ በዙሪክ ተምሮ በ1869 የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ።

ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ያሳልፍ ነበር። ቱቦው በጥቁር ካርቶን ተሸፍኖ ሳለ፣ በአጠገቡ የነበረ በባሪየም ውሁድ የተቀባ ሰሌዳ አበራ። ምክንያቱን ዛሬ እናውቃለን፤ በቱቦው ውስጥ የሚከንፉ ኤሌክትሮኖች ከጠጣር ነገር ጋር ተጋጭተው በድንገት ሲገቱ፣ አብዛኛው ኃይላቸው ሙቀት ሲሆን ጥቂቱ ጨረር ይሆናል።

ሮንትገን ለሳምንታት በዝምታ መረመረ። ጨረሩ በሥጋ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ ካልሲየም ያለበት አጥንት ግን ብዙውን ይውጠዋል፤ እርሳስም ይበልጥ ያግደዋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን የአናን እጅ ሲያነሣ፣ አጥንቶቿና ቀለበቷ በግልጽ ታዩ።

የጨረሩን ምንነት ስላላወቀ፣ እንዳወቀ ሳያስመስል «ኤክስ» ብሎ ሰየመው። እንደ ብርሃን ሞገድ መሆኑን ለማረጋገጥ ቢሞክርም አልተሳካለትም። መልሱ የተገኘው በ1912 እርሱ በሚያስተምርበት በሙኒክ ነው። በማክስ ፎን ላወ ሐሳብ መሠረት፣ የእርሱ ተማሪዎች የነበሩት ፍሪድሪሽና ክኒፒንግ ጨረሩን በመዳብ ሰልፌት ክሪስታል ውስጥ አሳለፉት። በፎቶግራፍ ሰሌዳው ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ታዩ። በክሪስታሉ ውስጥ በረድፍ የቆሙት አቶሞች ጨረሩን ሲበትኑት፣ ሞገዶቹ በአንዳንድ አቅጣጫ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ይጠፋፋሉ። በዚህም ጨረሩ እጅግ አጭር ሞገድ መሆኑ፣ የአቶሞችም አሰላለፍ በእርሱ ሊታወቅ መቻሉ ተረጋገጠ።

ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ገንዘቡን ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። የፈጠራ ባለመብትነትንም አልጠየቀም፤ ግኝቱ የሰው ልጅ ሁሉ እንዲሆን ወደደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ጥሪቱ አለቀ፤ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በሙኒክ ዐረፈ።

ጥሪቱ ቢያልቅም ስጦታው አላለቀም። የተሰበረ አጥንት በራጅ ታይቶ በተጠገነ ቁጥር፣ እኛም ያለ ዋጋ ከሰጠው እንካፈላለን።