በመስታወት ላይ የቀሩ ከዋክብት፦ የማሪዬታ ብላው ሕይወት

ፎቶግራፍ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሰው ፊት፣ ሠርግ ወይም የጋዜጣ ፊት ገጽ ነው። ማሪዬታ ብላው ግን በፎቶ መስታወት ያነሳችው ዓይን ሊያየው የማይችለውን የአቶም ኒውክሊየስ ስብርባሪ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪዬታ በ1894 ቪዬና ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በቪዬና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ሒሳብ አጥንታ በ1919 ዶክትሬቷን ያዘች። ጀርመን ውስጥ ጥቂት ከሠራች በኋላ እናቷ ስለታመሙ በ1923 ወደ አገሯ ተመለሰችና በቪዬናው የራዲየም ምርምር ተቋም ሥራ ጀመረች። ሥራ እንበለው እንጂ ደመወዝ የለውም! ሴት መሆኗና አይሁድ መሆኗ ተደምረው ቋሚ ቦታ እንደከለከሏት ይነገራል። እንዲህም ሆኖ እስከ 1938 ድረስ ከዚያ አልጠፋችም።

ለመሆኑ ዘዴው ምንድን ነው? ኢሙልሽን የሚባለው በመስታወት ላይ የሚቀባ፣ የብር ብሮማይድ ቅንጣቶች ያሉበት ጄላቲን ነው። ቻርጅ ያለው ቅንጣት በውስጡ ሲያልፍ የነካቸው የብር ብሮማይድ ቅንጣቶች በኬሚካል ሲታጠቡ ይጠቁራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተደረደረ ነጠብጣብ ይገኛል፤ ያ የቅንጣቱ ዱካ ነው። ችግሩ የተለመደው የፎቶ መስታወት የፕሮቶንን ዱካ በቀላሉ የማይዝ መሆኑ ነበር። ማሪዬታ በ1925 የፕሮቶን ዱካ ማየት ቻለች። ከዚያም ተማሪዋ ከነበረችው ከኸርታ ቫምባኸር ጋር ሆና ዘዴውን ዓመት በዓመት አሻሻለችው።

በ1937 ሁለቱ ሴቶች በኦስትሪያ ተራሮች ላይ 2,300 ሜትር ከፍታ በሚገኝ ጣቢያ ለወራት የቆዩ መስታወቶችን መረመሩ። ከአንድ ነጥብ ተነስተው በየአቅጣጫው የተበተኑ ዱካዎች አገኙ፤ ልክ ኮከብ ይመስላሉ። ከጠፈር የመጣ ጨረር አንድን ኒውክሊየስ ሲበታትነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት የኦስትሪያ የሳይንስ አካዳሚ የሊበንን ሽልማት ሰጣቸው።

ደስታው ግን አልቆየም። ቫምባኸር የናዚ ፓርቲ አባል ነበረች። በመጋቢት 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሊይዙ ሲሉ ማሪዬታ ወደ ኖርዌይ ወጣች፤ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ስትጓዝ ሐምቡርግ ላይ የምርምር ወረቀቶቿን ወሰዱባት። ሜክሲኮ የተቀበለቻት በአልበርት አይንስታይን ድጋፍ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ለምርምር የሚሆን ነገር እምብዛም አልነበረም። በ1944 ወደ አሜሪካ ተሻገረች።

እሷ ስትንከራተት እንግሊዛዊው ሴሲል ፓወል በዚሁ ዘዴ ገፋበት። በ1947 ከባልደረቦቹ ጋር ፓዮን የተባለውን ቅንጣት አገኘ፤ በ1950 የኖቤል ሽልማቱን ብቻውን ወሰደ። ኤርቪን ሽሮዲንገር ማሪዬታንና ቫምባኸርን ለኖቤል ጠቁሞ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

ዘዴው ግን ሥራውን ቀጠለ። ማሪያን ዳኒሽና የዢ ፕኒየቭስኪ የተባሉ ፖላንዳውያን በ1952 በባሉን ወደ ሰማይ ወጥቶ የተመለሰ ኢሙልሽን ሲመረምሩ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ከኮከቡ የወጣ ስብርባሪ ጥቂት ሄዶ ቆመና ሌላ ኮከብ ሠራ። ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ሌላ ላምዳ የሚባል ቅንጣት የያዘ ኒውክሊየስ ነበር፤ ዛሬ ሃይፐርኒውክሊየስ ይባላል። የጃፓን ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን እስካሁን በኢሙልሽን ይፈልጋሉ።

ማሪዬታ በ1960 ዓይኗን ታማ ወደ ቪዬና ተመለሰች፤ በጥር 1970 እዚያው በካንሰር አረፈች። ሞቷን የዘገበ የሳይንስ መጽሔት አልነበረም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዜና ስንጽፍ መጀመሪያ ከምንጠይቃቸው አንዱ “ማን” የሚለው ነው። የተሸለመውን ሰው ስም መጻፍ ቀላል ነው። መሣሪያውን የሠራው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን አንድ ጥያቄ መጨመር ያስፈልጋል። የማሪዬታ ስም የጠፋው ያቺን አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ በመጥፋቱ ጭምር ነው።