ቻርልስ ሊንድበርግ፤ ቤንዚኑን ቆጥሮ ውቅያኖስ የተሻገረ

ዝናቸው በዓለም የተሰማ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚታወሱት በአንድ ቀን ሥራቸው ነው። ሕዝብ የድሉን ቀን ያያል እንጂ፣ ያንን ቀን ያዘጋጁትን የሐሳብና የሒሳብ ወራት አያይም። ቻርልስ ሊንድበርግም ከኒውዮርክ እስከ ፓሪስ ሳያርፍ፣ ብቻውን አይሮፕላን እየነዳ የአትላንቲክን ውቅያኖስ በመሻገሩ የጀግና ስም ተሰጠው። ድፍረቱ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ከእርሱ በፊት የሞከሩትም ድፍረት አላነሳቸውም ነበር። እርሱን ከፓሪስ ያደረሰው የቤንዚኑ ታንክ የት መቀመጥ እንደሚገባው፣ ስንት እንደሚይዝና በየሰዓቱ ስንት እንደሚጎድል አጥብቆ ማሰቡ ነው።

ሊንድበርግ በአሜሪካ አገር በዲትሮይት ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1902 ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ያደገው በሚኒሶታ ግዛት በሊትል ፎልስ ነው። አባቱ ከ1907 እስከ 1917 ድረስ የአሜሪካ ምክር ቤት እንደራሴ ነበሩ፤ እናቱም የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ። በአባቱ ሥራ ምክንያት ቤተሰቡ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወር ስለ ነበር፣ ልጁ በአንድ ትምህርት ቤት ሳይረጋ አደገ። በ1920 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመካኒክ ምሕንድስና ትምህርት ጀመረ፤ ዳሩ ግን ውጤቱ ደካማ ስለ ነበር በ1922 ትምህርቱን ትቶ ወጣ። በዚያው ዓመት በነብራስካ አይሮፕላን መንዳት መማር ጀመረ። በ1923 አንድ ያገለገለ አይሮፕላን በ500 ዶላር ገዛ።

በ1924 በጦር ሠራዊቱ የበረራ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ቀድሞ መጽሐፍ ይሰለቸው የነበረው ወጣት ሌሊቱን ሲያጠና ያነጋ ጀመር፤ በማርች 1925ም ከጓደኞቹ መካከል አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። አእምሮው ያው የቀድሞው አእምሮ ነበር። የተለወጠው ነገር ትምህርቱ ለምን እንደሚጠቅመው ማወቁ ነው።

በ1926 ከሴይንት ሉዊስ ወደ ቺካጎ ፖስታ የሚያመላልስ አይሮፕላን ነጂ ሆነ። በሴፕቴምበር 16 ቀን ምሽት ምድሩን ሁሉ ጉም ስለ ሸፈነው ማረፊያ አጣ። ቤንዚኑ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያደርሰው በልቡ አስልቶ ነበር፤ ሞተሩ ግን ካሰላው ጊዜ ቀድሞ ጸጥ አለ። እርሱም በጃንጥላ ዘሎ ወረደ። አይሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ታች በደፋ ጊዜ በታንኩ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ቤንዚን ወደ ሞተሩ ፈሰሰችና ሞተሩ እንደገና ተነሣ፤ ሰው የሌለበትም አይሮፕላን በአየር ላይ በተንጠለጠለው ነጂ ዙሪያ ይዞር ጀመር። ነገሩ ኋላ ሲመረመር 110 ጋሎን የሚይዘው ታንክ ለጥገና ወጥቶ በምትኩ 85 ጋሎን ብቻ የሚይዝ ታንክ እንደ ገባ፣ ይህንንም ለነጂዎቹ የነገረ ሰው እንዳልነበረ ታወቀ። የሊንድበርግ ሒሳብ ትክክል ነበረ፤ ሒሳቡ የተመሠረተበት ቁጥር ግን በማይታይ ስፍራ ተለውጦ ነበር።

በዚያን ዘመን ሬይሞን ኦርቴግ የተባለ ባለ ሆቴል ከኒውዮርክ ፓሪስ፣ ወይም ከፓሪስ ኒውዮርክ ሳያርፍ ለሚበር ሰው 25,000 ዶላር ሽልማት በ1919 አቁሞ ነበር። በሴፕቴምበር 1926 የፈረንሳዩ የጦር ጀግና ሬኔ ፎንክ በሦስት ሞተር አይሮፕላን ሊነሣ ሲሞክር፣ ከጭነቱ ብዛት የተነሣ አይሮፕላኑ ከመሬት ሳይለቅ ተከስክሶ ተቃጠለ፤ ከባልደረቦቹም ሁለቱ ሞቱ። በኤፕሪል 1927 ዴቪስና ዉስተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ከባድ ጭነት ይዘው ሲሞክሩ ወድቀው ሞቱ። በሜይ 8 ቀን 1927 ከፓሪስ የተነሡት ኑንጀሰርና ኮሊም በወጡበት ቀሩ።

ሊንድበርግ ግን ነገሩን ከሌላ ወገን ተመለከተው። ሞተር በተጨመረ ቁጥር ክብደትና ሊበላሽ የሚችል ነገር ይጨመራል፤ ሰው በተጨመረ ቁጥር ቤንዚን ይቀነሳል። ስለዚህ አንድ ሞተር፣ አንድ ሰው፣ የቀረው ክብደት ሁሉ ቤንዚን እንዲሆን ቈረጠ። የሴይንት ሉዊስ ነጋዴዎች በገንዘብ ረዱት። በካሊፎርኒያ በሳንዲዬጎ ከተማ የሚገኘው የራያን ኩባንያ አይሮፕላኑን ሊሠራለት ተስማማ። የኩባንያው መሥሪያ ቤት ቀድሞ ዓሣ በቆርቆሮ ይታሸግበት የነበረ አሮጌ ሕንፃ ነበር። በዚያም መሐንዲሱ ዶናልድ ሆልና ሠራተኞቹ ሌትና ቀን ደክመው አይሮፕላኑን በ60 ቀን አቆሙት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የዋናው ታንክ ቦታ ነበር። ቤንዚን እንደ ሌላ ጭነት አይደለም፤ በጉዞ ላይ ሳለ ክብደቱ ያልቃል። ታንኩ የአይሮፕላኑ ክብደት ከሚመዘንበት ነጥብ ርቆ ቢቀመጥ፣ ቤንዚኑ እየጎደለ በሄደ መጠን አፍንጫው ወይም ጅራቱ ይከብዳል፤ ነጂውም ሚዛኑን ያጣል። ስለዚህ ትልቁ ታንክ ከክንፉ በታች፣ ከዚያው ነጥብ አጠገብ መዋል ነበረበት። ታዲያ ነጂው ከታንኩ ፊት፣ ወይስ ከኋላ ይቀመጥ? ከፊት ቢቀመጥ መንገዱን ያያል፤ ነገር ግን አይሮፕላኑ ቢወድቅ በሞተሩና በታንኩ መካከል ይጨፈለቃል። ሊንድበርግ ከኋላ መቀመጥን መረጠ።

የዚህ ምርጫ ዋጋ ቀላል አልነበረም። ታንኩ ፊቱን ስለ ጋረደው ወደ ፊት የሚያይበት መስኮት አልኖረውም። መንገዱን የሚያየው በግራና በቀኝ መስኮት አንገቱን እያወጣና በመስተዋት በተሠራ ትንሽ መመልከቻ ብቻ ነበር። ዳሩ ግን በውቅያኖስ ላይ ከፊቱ የሚመጣ ነገር እምብዛም እንደማይኖር አስቦ፣ ከማየት ይልቅ ከአደጋ መዳንን አስቀደመ። ታንኮቹም አምስት ነበሩ፤ አንዱ በአፍንጫው፣ ዋናው በመካከል፣ ሦስቱ በክንፉ ውስጥ። እያንዳንዱ ታንክ የራሱ መክፈቻና መዝጊያ ስለ ነበረው ከየትኛው እንደሚቀዳ ነጂው ይመርጥ ነበር። የቤንዚኑ ቧንቧ በሞተሩ መንቀጥቀጥ እንዳይሰነጠቅ በአጫጭሩ እየተቈረጠ በጎማ ተቀጣጠለ። ክብደት ለመቀነስ ሬዲዮም ጃንጥላም ተተወ። የቤንዚን መለኪያ ሰዓት እንኳ አልተተከለም፤ ሊንድበርግ በእጅ ሰዓቱና በእርሳሱ ቈጥሮ መሄድን መረጠ።

በሜይ 20 ቀን 1927 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ ከኒውዮርክ አጠገብ ተነሣ። አይሮፕላኑ ከ2,300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው 450 ጋሎን ያህል የሚሆነው ቤንዚን ነው። ሜዳው በዝናብ ርሶ ስለ ነበር መንኰራኵሮቹ በጭቃ ተያዙ፤ ከብዙ መንደርደር በኋላ በሜዳው ዳር ያለውን የስልክ ሽቦ ለጥቂት አልፎ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ፣ ጉምና በረዶ ተፈራረቁበት። ነገር ግን አንድ ሰዓት በሞላ ቁጥር ከየትኛው ታንክ እንደ ቀዳ ከፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረጉን አልተወም። ከ33 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ 5,800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ በሜይ 21 ምሽት በፓሪስ በለ ቡርዤ ሜዳ አረፈ። ታንኮቹ ሲለኩ 85 ጋሎን ቤንዚን ቀርቶ ተገኘ። ይህም ከስምንት ወር በፊት ሳያውቀው የተተካው ታንክ ሞልቶ የሚይዘውን ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ክብርና ኀዘን የተቀላቀሉበት ነው። በ1932 የበኵር ልጁ ተሰርቆ ተገደለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመንን እየጐበኘ በ1938 ከናዚው ሹም ከጎሪንግ እጅ ኒሻን ተቀበለ። አገሩ ወደ ጦርነቱ እንዳትገባ ሲከራከርም በሴፕቴምበር 1941 በዴሞይን ከተማ ባደረገው ንግግር አይሁዶችን በሐሰት ከሰሰ፤ ስለዚህም ብዙዎች ፊታቸውን አዞሩበት፤ ነቀፋውም እስከ ዛሬ አልተፋቀም። ቤንዚንን በጠብታ የሚለካ ሰው ስለ ሌላ ሕዝብ በሚናገርበት ጊዜ ቃሉን ሳይመዝን ቀረ።

በ1944 ግን በጦር ሠራዊት ማዕርግ ሳይሆን በሲቪልነት ወደ ፓስፊክ ሄዶ፣ የሞተሩን ዙር ዝቅ በማድረግና የቤንዚኑን ቅልቅል በማሳሳት እንዴት ርቆ መብረር እንደሚቻል ለወጣት ነጂዎች አስተማረ። ነጂዎቹ ሞተሩ ይበላሻል ብለው ቢፈሩም፣ እርሱ አብሯቸው እየበረረ በተግባር አሳያቸው። በ1953 ያሳተመው የጉዞው ታሪክም በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ሊንድበርግ በኦገስት 26 ቀን 1974 በሐዋይ ደሴቶች በማዊ በ72 ዓመቱ ሞተ።

የመቀነስ ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከ110 ላይ 85 ሲቀነስ የሚተርፈው 25 አንድን ሰው በጨለማ ከአየር ላይ አውርዶታል። ስለዚህ ተማሪ ቁጥርን አስተካክሎ መቀነስን ብቻ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ መጠየቅን፣ የለወጠውንም ነገር ለባልንጀራው ሳይደብቅ መናገርን ሊማር ይገባዋል።