ዋልተር ግሮፒየስና የሁለቱ መምህራን ትምህርት ቤት

የዋልተር ግሮፒየስ ስም በሙያ ባልደረቦቻችን ዘንድ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው በነደፋቸው ሕንፃዎች ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ግን በሌላው ድካሙ፣ ማለትም በፋብሪካ ለሚመረት ዕቃ መልክ የሚሰጥ ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል ለሚለው ጥያቄ መልስ በፈለገበት ዘመን ላይ ነው። ዛሬም የኢንዱስትሪ ንድፍ ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚመክር ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ግሮፒየስ በ1883 በበርሊን ተወለደ። በሙኒክና በበርሊን የኪነ ሕንፃ ትምህርት ጀምሮ ዲፕሎማ ሳይቀበል አቋረጠ። እጁ ለንድፍ አይታዘዝለትም ነበርና ሐሳቡን በቃል እያስረዳ በሌላ ሰው እጅ ያስነድፍ ነበር። ይህ ጉድለቱ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራትን ሳያስተምረው አልቀረም ብሎ መገመት ስሕተት አይመስለኝም። ከ1908 እስከ 1910 በፔተር ቤረንስ ቢሮ ሠራ። ቤረንስ በዚያን ጊዜ አኤጌ ለተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከፋብሪካው ሕንፃ አንሥቶ እስከ መብራቱና እስከ ውሃ ማፍያው ድረስ መልክ የሚያወጣ ሰው ነበር። ግሮፒየስ ከዚያ ወጥቶ በ1911 ከአዶልፍ ማየር ጋር በአልፌልድ ከተማ የፋጉስን የጫማ ፎርማ ፋብሪካ ነደፈ። ከዚያም ጦርነቱ መጣና ወደ ግንባር ዘምቶ ቆሰለ።

በ1919 በቫይማር የሥነ ጥበብ አካዳሚውና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተዋሕደው ባውሐውስ ሲባሉ ግሮፒየስ ዲሬክተር ሆነ። የትምህርቱ ዐቢይ አዲስ ነገር የሁለት መምህራን ሥርዓት ነው። ተማሪው በዮሐንስ ኢተን የሚመራውን የመግቢያ ትምህርት ካጠናቀቀ በኋላ ወደ አንድ ወርክሾፕ ይገባል፤ በዚያም ስለ ቅርጽ የሚያስተምረው ሠዓሊ ወይም ቀራፂ፣ ስለ ሥራው የሚያስተምረው ደግሞ የእደ ጥበብ ባለሙያ ነው። ከቫይማር ውጭ በዶርንቡርግ በነበረው የሸክላ ክፍል ቀራፂው ገርሃርድ ማርክስ ከሸክላ ሠሪው ከማክስ ክሬሃን ጋር ሆኖ ያስተምር ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሁለቱንም የሚያውቅ መምህር በአገሩ አልተገኘም፤ ስለዚህ አንዱን ሰው ለሁለት ከፍሎ መጀመር ግድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሁለቱ መምህራን እኩል አልነበሩም። በመምህራኑ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጡት የቅርጽ መምህራን ብቻ ሲሆኑ የሥራ መምህራኑ ይህ መብት አልነበራቸውም። ባለ እጁን ከባለ ሐሳቡ ዝቅ አድርጎ ማየት አንጥረኛንና ሸክላ ሠሪን ስናቃልል የኖርነው የእኛ ነውር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በሴቶችም ላይ የሆነው የሚያስመሰግን አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ቁጥራቸው ከወንዶቹ አያንስም ነበር፤ ግሮፒየስም እኩልነትን ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ቁጥራቸው እንዲወሰን አደረገ። የገቡትም በአብዛኛው ወደ ሽመና ክፍል ተመሩ።

በ1923 የቱሪንጊያ መንግሥት ለሚያወጣው ገንዘብ ውጤት እንዲታየው በመጠየቁ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ግሮፒየስም በዚሁ ጊዜ የትምህርቱን አቅጣጫ ከእደ ጥበብ ወደ ኢንዱስትሪ አዞረ፤ ኢተን ለቀቀና ላስሎ ሞሆሊ ናጅ ገባ። ወዲያውም ችግሩ ራሱን ገለጠ። በብረታ ብረት ክፍል የተሠራውን የመስተዋት መብራት ተማሪው ቪልሄልም ቫገንፌልድ በ1924 ወደ ላይፕዚሽ ገበያ ይዞት ሲሄድ ነጋዴዎቹና ባለ ፋብሪካዎቹ ሣቁ፤ ዕቃው በርካሽ በመኪና የተመረተ መስሎ ዋጋው ግን የእጅ ሥራ ዋጋ ነበርና። ትምህርት ቤቱ ለመኪና የሚሆን መልክ እያስተማረ መኪናው ራሱ አልነበረውም። በእኔ አስተያየት ከባውሐውስ ታሪክ ሁሉ አስተማሪው ይህ ሣቅ ነው፤ በሥዕል ብቻ ያማረ ንድፍ ከፋብሪካ ደጅ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ያሳያልና።

በ1924 ሥልጣን የያዙት የቀኝ ወገኖች በጀቱን በግማሽ ስለ ቀነሱት ትምህርት ቤቱ በ1925 ቫይማርን ለቆ የዩንከርስ ፋብሪካዎች ወደሚገኙባት ወደ ዴሳው ተዛወረ። በ1926 ግሮፒየስ የነደፈው አዲሱ ሕንፃ ተመረቀ። ከሕንፃው ይልቅ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የመምህራኑ ለውጥ ነው። ማርሴል ብሮየር፣ ዮሴፍ አልበርስ፣ ሄርበርት ባየርና ሌሎችም የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የነበሩ ወጣቶች ቅርጹንም ሥራውንም ባንድነት የሚያስተምሩ ሆነው ተሾሙ። ጉንታ ሽተልትስልም የሽመናውን ክፍል በ1927 በኃላፊነት ተረከበች። ሁለት ተከፍሎ የነበረው መምህር አንድ የሆነው እንግዲህ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በጀት የሚመድቡ ባለ ሥልጣኖች ይህን ያህል ለመታገሥ ፈቃደኞች የሚሆኑት ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ግሮፒየስ በ1928 ትምህርት ቤቱን ለቀቀ። ተተኪዎቹ ሐነስ ማየርና ሚስ ቫን ደር ሮኸ ቢያስተዳድሩትም በ1932 ከዴሳው ተባረረ፤ በ1933ም በናዚዎች ዘመን በበርሊን ተዘጋ። እርሱ ራሱ በ1934 ወደ እንግሊዝ፣ በ1937 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሃርቫርድ የኪነ ሕንፃ መምህር ሆነ። በ1955 በጀርመን አገር በኡልም ከተማ አዲስ የንድፍ ትምህርት ቤት ሕንፃ ሲመረቅ የክብር ንግግር ያደረገው እርሱ ነበር። ያም ትምህርት ቤት ብራውን ከመሰለው ፋብሪካ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ እየሠራ ሳለ ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ጋር በገንዘብ ተጣልቶ በ1968 ተዘጋ። ግሮፒየስ በቦስተን ያረፈው በዓመቱ ነው፤ ዕድሜውም 86 ነበር።