ትወናን ትምህርት ያደረገው የፋብሪካ ሰው፦ ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ

በእንግሊዝ አገር አንድ ተማሪ ዐሥራ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት፣ ሁለት ዓመት የሚቆይበት የመሰናዶ እርከን አለ፤ በአገሩ አጠራር ሲክስዝ ፎርም ይባላል። በዚህ እርከን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የትምህርት ዓይነቶችን ብቻ መርጦ ጠለቅ ብሎ ያጠናል። ለምርጫ ከሚቀርቡትም መካከል ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን የድራማና የቴአትር ትምህርት ይገኛል። ይህን የመረጠ ወጣት ተውኔት አንብቦ ትርጉሙን በመተንተን ብቻ አይወሰንም። ከጓደኞቹ ጋር አዲስ ትርኢት ይፈጥራል፤ ሥራው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደተከናወነ በማስታወሻ መዝግቦ ያቀርባል፤ በጽሑፍም ይፈተናል። ትርኢቱን ሲያዘጋጅም ከታወቁት የቴአትር ሊቃውንት የአንዱን አሠራር እንዲከተል ይጠበቅበታል። ከእነዚህ ሊቃውንት መካከል ስሙ ዘወትር የሚነሣው በ1938 ያረፈው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ትወና በትምህርት የሚገኝ ነገር ነውን? የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መምህር የሚያስተምረው፣ ፈታኝም የሚመዝነው ነገር ባልኖረ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ሁሉም በደንብና በመመሪያ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ፣ መመሪያውን በቃሉ የያዘ ሁሉ ታላቅ ተዋናይ በሆነ ነበር። ስታኒስላቭስኪ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን መንገድ ለማግኘት ነው። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መኖሩ ደግሞ ታሪኩን ለቴክኒክ ባለሙያ ይበልጥ ቅርብ ያደርገዋል።

የመጀመሪያ ስሙ ኮንስታንቲን ሰርጌየቪች አሌክሴየቭ ሲሆን በጥር ወር 1863 በሞስኮ ከተማ ከባለጸጋ ነጋዴዎች ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ ሀብት ምንጭ የወርቅና የብር ክር የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። በዚያ ፋብሪካ ብረቱ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ደጋግሞ እየተሳበ እንደ ፀጉር እስኪቀጥን ድረስ ይሠራል፤ ከዚያም ወርቀ ዘቦና ጥልፍ ይሆናል። ወጣቱ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ወደዚሁ ሥራ ገባ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፈረንሳይ ተጉዞ የዘመኑን መሣሪያዎች ተመለከተ፤ ከዚያም በኋላ በፋብሪካው አመራር ውስጥ እስከ 1917 አብዮት ድረስ ቆየ።

ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በመድረክ ላይ ነበር። አባቱ በሊዩቢሞቭካ ርስታቸው አነስተኛ የቴአትር አዳራሽ ስላሠራላቸው፣ በ1877 የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በዚያ መጫወት ጀመረ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ የተሳካውንና ያልተሳካውን በማስታወሻ ደብተር የመመዝገብ ልማድ ያዘ። የባለጸጋ ነጋዴ ልጅ በየአዳራሹ ሲተውን መታየቱ ለቤተሰቡ ክብር የሚስማማ ስላልነበረ፣ በ1884 ገደማ ስታኒስላቭስኪ የሚለውን የመድረክ ስም ወሰደ። በ1888 ከጓደኞቹ ጋር የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ማኅበር አቋቋመ። በ1889 ደግሞ ሊሊና በሚል የመድረክ ስም የምትታወቀውን ተዋናይት አገባ።

በ1890 የጀርመኑ የማይኒንገን ቴአትር ቡድን ሞስኮን በጎበኘ ጊዜ፣ የቡድኑ ሥርዓትና የአዘጋጁ ጥብቅ ቁጥጥር ስታኒስላቭስኪን እጅግ ማረከው። እርሱም በበኩሉ የመድረኩን ሥራ ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሚነድፍ፣ ተዋናዮቹም ከንድፉ ዝንፍ እንዳይሉ የሚያስገድድ አዘጋጅ ሆነ። ያን ጊዜ ተዋናይ ለእርሱ በመሣሪያ ውስጥ እንዳለ አንድ ክፍል ነበረ ማለት ይቻላል።

በሰኔ ወር 1897 ስታኒስላቭስኪ ስላቭያንስኪ ባዛር በተባለው የሞስኮ ምግብ ቤት ከጸሐፌ ተውኔትና መምህር ከቭላዲሚር ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር ተገናኘ። ውይይታቸው ከቀትር በኋላ ተጀምሮ እስከ ማግስቱ ጧት፣ ዐሥራ ስምንት ሰዓት ያህል ቀጠለ። ከዚያ ውይይት የሞስኮ አርት ቴአትር ተወለደ። የአዲሱ ቴአትር ደንብ ዛሬ ዋናውን ክፍል የሚጫወት ተዋናይ ነገ በአጀብ መካከል ቢቆም እንዳያፍር የሚጠይቅ ነበር። ቴአትሩ በጥቅምት ወር 1898 ተከፈተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአንቶን ቼኾቭን ተውኔት ሲጋልን አሳየ። ይህ ተውኔት ከሁለት ዓመት በፊት በፒተርስበርግ ቀርቦ ክፉኛ የወደቀ ነበር፤ በሞስኮ ግን ታላቅ ዝና አተረፈ፤ የባሕር ወፏም ምስል የቴአትሩ ዓርማ ሆኖ ቀረ። ስታኒስላቭስኪ የዚህን ትርኢት ዝርዝር ዕቅድ የጻፈው ከተዋናዮቹ ርቆ፣ በወንድሙ ርስት ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

ዕቅዱ ሠመረ፣ ዝናውም ገነነ፤ ዳሩ ግን ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1904 ቼኾቭ ሞተ። በ1905 ከቀድሞ ተዋናዩ ከመየርኾልድ ጋር ለአዲስ ሙከራ ያቋቋመው ስቱዲዮ ለሕዝብ ሳይከፈት ተዘጋ። በ1906 ቴአትሩ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ትርኢት አሳይቶ በክብር ቢመለስም፣ ስታኒስላቭስኪ ግን ውስጡ ደርቆ ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ወደ ፊንላንድ ሄዶ ዕረፍት በሚያደርግበት ጊዜ ራሱን መረመረ። በኢብሰን ተውኔት ውስጥ የዶክተር ስቶክማንን ክፍል ሲጫወት ተመልካች ያደንቀው ነበር። እርሱ ግን የእጁም ሆነ የእግሩ እንቅስቃሴ እንደ ቀድሞው ሳይለወጥ፣ እንቅስቃሴውን መጀመሪያ የወለደው ስሜት እንደጠፋ ተረዳ። ውጫዊው ቅርጽ በልማድ ይሠራል፤ ሕይወቱ ግን ከውስጡ ወጥቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ከድካም ቈጥሮ ባለፈው ነበር። ስታኒስላቭስኪ ግን እንደ ፋብሪካ ሰው ጉድለቱ የሚመጣበትን ቦታ ለማግኘት ተነሣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸውን ማስታወሻዎች አገላበጠ፤ ታላላቅ ተዋናዮችም በመድረክ ላይ ምን እንደሚያደርጉ አጠና። ያገኘው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ስሜትን በቀጥታ ማዘዝ አይቻልም። እዘን ወይም ተቈጣ ቢባል ተዋናዩ የሐዘንን መልክ ያስመስል እንደ ሆነ እንጂ አያዝንም። ስለዚህ ስሜቱ ራሱ እንዲመጣ መንገዱን ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

መንገዱም ክፍሎች አሉት። ተዋናዩ በመጀመሪያ ተውኔቱ የሚሰጠውን ሁኔታ ይመረምራል፦ ይህ ሰው ማን ነው? የት ነው ያለው? ጊዜው መቼ ነው? ከየት መጣ? ቀጥሎም በዚህ ሁኔታ ውስጥ እኔ ብሆንስ ምን አደርግ ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ተውኔቱን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል ገጸ ባሕርዩ የሚፈልገውን ይለያል፤ እነዚህ ሁሉ ፍላጎቶች የሚያመሩበትንም አንድ ዐቢይ ዓላማ ያገኛል። በመድረክ ላይ ሲቆም ሐሳቡን ወደ አዳራሹ ሳይሆን ወደሚሠራው ነገር ይሰበስባል፤ ሰውነቱንም ከአላስፈላጊ ውጥረት ያላቅቃል። ይህ አሠራር በ1909 በቱርጌኔቭ ተውኔት ዝግጅት ላይ በሰፊው ተሞከረ። ነባሮቹ ተዋናዮች ግን አዲሱን ቋንቋ በቀላሉ አልተቀበሉትም። በመሆኑም በ1912 ከረዳቱ ከሱለርዢትስኪ ጋር ለወጣቶች የመጀመሪያውን ስቱዲዮ ከፈተ፤ ከዚያም እንደ ቫኽታንጎቭና እንደ ሚካኤል ቼኾቭ ያሉ ሰዎች ወጡ።

አብዮቱ በመጣ ጊዜ ስታኒስላቭስኪ ፋብሪካውንና ሀብቱን አጣ። ከ1922 እስከ 1924 ቴአትሩ በአውሮፓና በአሜሪካ ትርኢት ሲያሳይ፣ አሠራሩን የሚያውቁ ተማሪዎቹ ለአሜሪካውያን ማስተማር ያዙ። በ1931 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ግሩፕ ቴአትር ከዚሁ ትምህርት የተቀዳ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቡድን ሊ ስትራስበርግ ያተኰረው ተዋናዩ ያለፈ የግል ስሜቱን በማስታወስ ላይ ነበር። ተዋናይቷ ስቴላ አድለር በ1934 ፓሪስ ላይ ስታኒስላቭስኪን ራሱን አግኝታ ለሳምንታት ከተማረች በኋላ፣ መምህሩ አሁን አብልጦ የሚመካው በተውኔቱ ሁኔታና በድርጊት ላይ እንደ ሆነ ለጓደኞቿ ነገረች። በዚህም ምክንያት በቡድኑ ውስጥ ክርክር ተነሣ፤ የዚያ ክርክር ፍሬ የሆኑት የተለያዩ የአሜሪካ የትወና ትምህርት ቤቶችም ለብዙ ዘመን ቆዩ።

አለመግባባቱን ያባባሰው የመጻሕፍቱ አወጣጥ ነው። በጥቅምት ወር 1928፣ በቴአትሩ ሠላሳኛ ዓመት በዓል ላይ የቼኾቭን ሦስቱ እኅትማማች እየተጫወተ ሳለ የልብ ሕመም ያዘው። ገቢሩን እስከ ፍጻሜው ተጫውቶ ከመድረክ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ተዋናይ ሆኖ አልተመለሰም። የቀረውን ጊዜ ለመጻፍና ለማስተማር ሰጠ። ታላቁ ሥራው በአንድ ልብ ወለድ ተማሪ ማስታወሻ መልክ የተጻፈ ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ ከቶርትሶቭ ጋር ሲወድቅ፣ ሲያፍርና እንደገና ሲሞክር ይታያል። የመጀመሪያው ክፍል በእንግሊዝኛ በ1936 ወጣ። ስለ ድምፅ፣ ስለ ንግግርና ስለ አካል የሚናገረው ሁለተኛው ክፍል ግን በእንግሊዝኛ የወጣው በ1949 ነው። በእነዚህ ዐሥራ ሦስት ዓመታት ብዙ አንባቢዎች የውስጥ ስሜቱን እኩሌታ ብቻ ይዘው ሙሉው ይህ ነው አሉ፤ ከአንድ ሕንፃ ሁለት የንድፍ ገጾች አንዱን ብቻ ይዞ ግንባታ እንደ መጀመር ያለ ነው።

በአገሩም የገጠመው ዕጣ ከዚህ የቀለለ አልነበረም። በ1930ዎቹ የሶቪየት መንግሥት አሠራሩን ለቴአትሮች ሁሉ አርአያ አደረገው፤ ከእርሱ የተለየ ሙከራ የሚያደርግ አዘጋጅም በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። እርሱ ግን በዚያው ጊዜ፣ በሕመም ምክንያት ከቤቱ ብዙም ሳይወጣ፣ የራሱን ትምህርት ያሻሽል ነበር። በ1935 በተከፈተው የኦፔራና የድራማ ስቱዲዮ፣ እንዲሁም በሞሊየር ታርቱፍ ልምምድ ላይ፣ ተዋናዮች በጠረጴዛ ዙሪያ ለወራት ተቀምጠው ከመተንተን ይልቅ ገና ከመጀመሪያው ተነሥተው ቀላል አካላዊ ድርጊቶችን እንዲሠሩ አደረገ፤ ድርጊቱ ትክክል ሲሆን ስሜቱ ይከተላልና። በጥር ወር 1938 የመየርኾልድ ቴአትር በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ሌሎች ሲሸሹት፣ በሥነ ጥበብ የማይስማማውን ያን የቀድሞ ተማሪውን በራሱ የኦፔራ ቴአትር ውስጥ ሥራ ሰጠው። ስታኒስላቭስኪ ነሐሴ 7 ቀን 1938 በሰባ አምስት ዓመቱ አረፈ። ጥላው የተነሣበት መየርኾልድም በ1939 ታስሮ በ1940 ተገደለ።

የስታኒስላቭስኪ መጽሐፍ በሩሲያኛ የታተመው ከዕረፍቱ ጥቂት ቆይቶ ነው። ዛሬ በእንግሊዝ የመሰናዶ ክፍሎች የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ተሰጡ ሁኔታዎችና ዐቢይ ዓላማ የሚሉትን ቃላት ይማራል። ትርጉማቸውን በቃሉ አጥንቶ በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ቢያሰፍር ነጥብ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ አንድ በር ከፍቶ ሲገባ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ፣ ቃላቱ በ1906 ስታኒስላቭስኪን ያስጨነቀው ባዶ እንቅስቃሴ ሌላ መልክ ይሆናሉ። ጥሩ መምህር ተማሪው ከትርጓሜው አስቀድሞ በሩን ደጋግሞ እንዲከፍት፣ ያልተሳካለትንም በማስታወሻው እንዲጽፍ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

በማናቸውም ሙያ የሥራ ደንብ የሚጻፈው አንድ ሰው በሥራው ላይ ጉድለት አግኝቶ ምክንያቱን ስለ መረመረ ነው። ደንቡን የሚወርሱት ግን መልሱን እንጂ ጥያቄውን ሳይወርሱ ሊቀሩ ይችላሉ። ስታኒስላቭስኪ መላ ሥርዓቱን ካቆመ በኋላ እንኳ፣ በሰባ ዓመት ዕድሜው ከወጣት ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ የገዛ ራሱን ደንብ እንደገና ይፈትሽ ነበር። ወጣቶች ከእርሱ ሊማሩት የሚገባው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው።