መጥረጊያውን ጊታር ያደረገው ልጅ

በዛሬው ዓምዳችን የጊታር ተጫዋቹን የጂሚ ሄንድሪክስን ሕይወት ባጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጂሚ በኖቬምበር 27 ቀን 1942 በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ተፋቱ። አንደኛ ደረጃ ሲማር መጥረጊያ እንደ ጊታር ይዞ ይውል ነበር። ይህን ከዓመት በላይ ያስተዋለች የትምህርት ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ለችግረኛ ልጆች ከሚሰጠው ገንዘብ ጊታር እንዲገዛለት፣ አለዚያ ልጁ መንፈሱ እንደሚጎዳ ጽፋ አመለከተች። ሰሚ ግን አላገኘችም።

በ1957 ከተጣለ ዕቃ መካከል አንድ ክር ብቻ የቀረው ዩኩሌሌ የሚባል ትንሽ የክር መሣሪያ አገኘና በዚያችው ክር ዜማ መልቀም ጀመረ። በማግስቱ ዓመት አንድ አሮጌ ጊታር በ5 ዶላር ተገዛ። ግራኝ ስለሆነ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ፣ ክሩን እንደገና አስሮ ይጫወት ነበር። ኖታ ማንበብ አያውቅም፤ መምህሩ ጆሮው ነው።

ጥቂት ጊዜ በወታደርነት፣ ከዚያም ለሌሎች ድምፃውያን በአጃቢነት ከሠራ በኋላ በ1966 ወደ ለንደን ተወሰደ። እዚያም ከኖኤል ሬዲንግና ከሚች ሚቼል ጋር ባንድ አቋቋመ። በሜይ 1967 የመጀመሪያ አልበማቸው «አር ዩ ኤክስፒሪየንስድ» ወጣ።

ታዲያ ምን አዲስ ነገር ነበረው? ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲቀርብ የሚያፏጨውን ታውቁት የለ? ብዙው ሰው ያንን ብልሽት ነው ብሎ ይሸሸው ነበር። ጂሚ ግን ጊታሩን ወደ ማጉያው አስጠግቶ ጩኸቱን እንደ ፈለገ አዘዘው፤ ዜማ አደረገው። የተቀዳውንም ክር ወደ ኋላ አዙሮ ከዘፈኑ ጋር አዋሐደው። አልበሙ በእንግሊዝ አገር ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ፤ አንደኛነቱን የከለከሉት ቢትልሶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሮክ ጊታር እንደ ድሮው አልሆነም።

ጂሚ በሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 የእንቅልፍ መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ ለንደን ውስጥ ሞተ። ገና 27 ዓመቱ ነበር። አልበሙን ግን በ2005 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው የድምፅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ክፍላችን ውስጥ መጥረጊያ የታቀፈ፣ ወይም በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ እናገኝ ይሆናል። ከመቆጣታችን በፊት እናስተውለው። ጊታር መግዣ እንኳ ቢቸግረን ማመልከቻ መጻፍ አያቅተንም።